ቀዩ ሰደርያ

«ዳርቱ ጉተማ!»

ማቲዎስ ስሙን ያነበበው ፍርድ እንደሚያነብ ሰው ድምፁን ጎርነን አድርጎ ነው። የኮምፒውተሩ ስክሪን ከላይ እስከ ታች በቀይ ጽሑፍ ተሞልቷል። አሥራ አራት ቴስት ወድቋል፤ ከላይ ደግሞ ፋይሉን መጨረሻ የነካው ሰው ስም ቁጭ ብሏል። ማቲዎስ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዶ ቀዩን የስፖርት ሰደርያ አወጣ፤ ሁለቴ አራገፈና ወረወረው። ሰደርያው ዳርቱ ትከሻ ላይ አረፈ።

«እሰይ! ሙሽራዋ ለበሰች!» አለ ሁሴን። ሰላማዊት ጠረጴዛውን እንደ ከበሮ መታችው።

ሃይሚ ብቻ ከስክሪኗ ቀና አላለችም። አሥራ አራቱን ቴስት የጣለችው እሷ ነበረች።

ዳርቱ ሰደርያውን በእጇ እንደያዘች ዞር አለችና አየቻት። አንድ አፍታ ብቻ ነው ያየቻት። ሃይሚ ኪቦርዷ ላይ አቧራ ያለ ይመስል በጣቷ ትጠርግ ጀመር። ኪቦርዱ ላይ ምንም አቧራ አልነበረም።

«ማክሰኞ ማሽኑን ክፍት ትቼው ነበር የወጣሁት» አለች ዳርቱ ቀስ ብላ።

«አሃ! ታዲያ ማሽኑ ራሱ ተነሥቶ ጻፈው?» አለ ማቲዎስ። «አቦ ልበሺ! ሕግ ሕግ ነው።»

ሕጉን ያወጣው ራሱ ማቲዎስ ነው። ትምህርት ቤታቸው ያለው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ዳገቱ ወደ እንጦጦ መክበድ ሲጀምር ነው፤ የኮምፒውተር ክለቡ አባላት ደግሞ አምስት ናቸው። የሚሠሩት ለቤተ መጻሕፍቱ የሚሆን ድረ ገጽ ነው፤ የትኛው መጽሐፍ የት እንዳለ፣ ማን እንደተዋሰው የሚያሳይ። አንዱ የነካው የሌላውን እንዳያበላሽ በየጠዋቱ ቴስት ያስኬዳሉ። ሁሉም ከሠራ ስክሪኑ አረንጓዴ ይሆናል፤ ካልሠራ ቀይ። ቀይ ያደረገ ሰው ሰደርያውን ይለብሳል፤ እስኪስተካከል ድረስ ክፍል ውስጥም፣ እረፍት ሰዓትም፣ ወደ ቤት ሲሄድም አያወልቅም። ማንም አያግዘውም። የክለቡ ኃላፊ መምህር አምሃ ይህን ሲሰሙ «ኃላፊነት ያስተምራል» ብለው ስቀው ነበር። እሳቸው ለብሰውት አያውቁማ!

እስካሁን ሰደርያው ከአንድ ሰዓት በላይ ሰው ገላ ላይ ቆይቶ አያውቅም። የዚህ ሳምንት ነገር ግን ሌላ ነበር። ቅዳሜ ኮተቤ ላይ የተማሪዎች የፈጠራ ማሳያ አለ፤ ያሸነፈ ቡድን ክረምቱን ሙሉ ይሠለጥናል፣ እያንዳንዱም የራሱ ላፕቶፕ ይሰጠዋል። መሄድ የሚችሉት አራት ብቻ ናቸው። አምስት ልጅ፣ አራት ቦታ። የምትቀረው ማን እንደሆነች ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረም እንጂ ሁሉም ያውቃል፤ ሃይሚ ናት። ፈጣኗ ዳርቱ፣ አፈኛው ማቲዎስ፣ ገጽ የሚያሳምሩት ሁሴንና ሰላማዊት፤ ከዚያ ሃይሚ።

ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ የሆነው ይህ ነው። የላብራቶሪው ግማሽ መብራት ሲጠፋ የሃይሚም ኮምፒውተር አብሮ ጠፋ። ሌሎቹ ቀድመው ሄደዋል። ዳርቱ ማክሰኞ ማክሰኞ በአሥር ሰዓት ትወጣለች፤ አባቷ ጋሽ ጉተማ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ናቸውና ሻይ ጠጥተው እስኪመለሱ በሩን ትጠብቅላቸዋለች። ሃይሚም ባዶ ወንበር አየች፣ የበራ ስክሪን አየች፣ ተቀመጠች። አሪፍ ሐሳብ መጥቶላት ነበር። ይቺ አምስተኛ የምትባል ልጅ ምን እንደምትችል ልታሳያቸው ነው!

በድረ ገጽ ላይ እያንዳንዱ ገጽ አድራሻ አለው። አድራሻዎቹ ሁሉ የሚመዘገቡበት አንድ ፋይል አለ፤ ልጆቹ «ራውት» ይሉታል። ረጅሙን አድራሻ በየቦታው ላለመጻፍ ደግሞ አጭር ስም ይወጣለታል፤ «ሄልፐር» የሚሉት እሱን ነው። ስሙን ስትጠሩት አድራሻውን ይዞላችሁ ከች ይላል። ሃይሚ መጽሐፎቹን በየመደርደሪያቸው ሥር አስገባቻቸው። ከዚያ በኋላ የመጽሐፍ ሄልፐር ስሙ ተለወጠ፤ የመደርደሪያውንም ቁጥር ካልሰጡት አልሠራም አለ። ገጾቹን በሙሉ በአዲሱ ስም አስተካከለች፣ ከፍታ አየቻቸው፣ ይሠራሉ። ቴስቱን ግን አላስኬደችም። የታክሲው ሰልፍ ሳይረዝም ልድረስ ብላ ሥራዋን አስቀምጣ ሮጠች። የተመዘገበውም ክፍት በነበረው በዳርቱ ስም ነው። ይህን ልብ ያለችው ረቡዕ ጠዋት ማቲዎስ ስሙን ሲያነብ ነው።

በዚያች ደቂቃ «እኔ ነኝ» ብትል ኖሮ ነገሩ በሳቅ ያልቅ ነበር። አላለችም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እንዴት አይነቅዝም! እንደ ሽምብራ ነው የሚነቅዘው፤ ብቻ ከውጭ አይታይም።

ዳርቱ ረቡዕ ሙሉ ቀን ሰደርያውን ለብሳ ሠራች። በቴስቶቹ ውስጥ የቀረውን አሮጌ ስም በሙሉ በአዲሱ ተካችው። ስክሪኑ ግን እንደቀላ ቀረ፤ ስድቡን ብቻ ለወጠ። መጀመሪያ «ይህን ሄልፐር አላውቀውም» ይል የነበረው አሁን «የመደርደሪያ ቁጥር ጎድሏል» ይላል። ገጹ በብራውዘር ሲከፈት ደግሞ ምንም አይጎድለውም።

«ኧረ ተይው፣ በልደትሽ ቀን ይስተካከላል» አለ ማቲዎስ።

በእረፍት ሰዓት ሜዳ ላይ የነበሩት ልጆች አዲስ ጨዋታ ፈጠሩ። ዳርቱ በአጠገባቸው ስታልፍ አንዱ «ቀይ በራ!» ብሎ ይጮኻል፤ ሁሉም ባሉበት ደርቀው ይቆማሉ። አልፋ ስትሄድ ይንቀሳቀሳሉ። የሰባተኛ ክፍል ፍልፍሎች ሳይቀሩ ሙድ ያዙባት። ዳርቱ መጽሐፏን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ሰደርያው ትንሽ እንዲሸፈን አድርጋ ትሄዳለች።

ሲለቀቁ አምስቱም አብረው ወደ በሩ ወረዱ። ጋሽ ጉተማ ከበርጩማቸው ተነሡ። ድሮ ከኮተቤ ወዲያ ገብስ የሚያመርቱ ገበሬ ነበሩ፤ እርሻቸው ላይ ሕንፃ ቆመ፣ እሳቸው ደግሞ በር ላይ ቆሙ። ልጃቸውን አይተው ፊታቸው በራ።

«ዳርቱ ኮ! የኔ ዳርቱ! ይሄ ደሞ ምንድነው? የማዕረግ ልብስ ነው?»

ዳርቱ አፏን ስትከፍት ማቲዎስ ቀደማት። «አዎ ጋሽ ጉተማ! ከአምስታችን እሷ ብቻ ተመርጣ ነው። እንኳን ደስ ያለዎት!»

ጋሽ ጉተማ ኮፍያቸውን አወለቁ። እውነቴን ነው፣ ለነዚያ ልጆች ኮፍያቸውን አወለቁላቸው። «ተባረኩ ልጆቼ፣ እደጉ» አሉ። ሁሴን ሳቁን መዋጥ አቅቶት ግድግዳው ላይ ተደገፈ። ሰላማዊት ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች።

ሃይሚም ሳቀች። ኋላ ለራሷ «አመለጠኝ» አለች። ሳቅ ግን እንደዚያ ዝም ብሎ አያመልጥም።

ሐሙስ ጠዋት ሰደርያው ታጥቦ መጣ። ያ ለዓመታት ላብ የጠጣ ጨርቅ የሳሙና ሽታ ይሸታል፤ የተቀደደ ጎኑም በነጭ ክር ተሰፍቷል።

«እንዴ! ላውንደሪ ገብቶ ወጣ!» አለ ማቲዎስ። ዳርቱ ኮምፒውተሯን አልነካችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። «ፋራ፣ ተስፋ ቆረጠች» አለ ሁሴን።

በእረፍት ሰዓት ጋሽ ጉተማ የላብራቶሪውን በር በጣታቸው አንኳኩተው ገቡ። ጥቁር ፌስታል ይዘዋል፤ ውስጡ አራት ብርቱካን። «ለጓደኞቿ ነው» አሉ እየተሽኮረመሙ። «ልጄን ስለመረጣችኋት። ብዙ አይደለም፣ እንዳትቀየሙኝ።» ለአራቱም በሁለት እጃቸው ሰጡና ወጡ። በሩ እንደተዘጋ ማቲዎስ ብርቱካኑን ልጦ ልጣጩን ዳርቱ ራስ ላይ አስቀመጠው።

«ዘውድሽ» አላት።

ዳርቱ ልጣጩን አነሣችና የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ከተተችው። ሃይሚ የራሷን ብርቱካን በላች። የሚያንገበግበው ነገር ጣፋጭ መሆኑ ነው። ጉሮሮዋ ላይ እንኳ አልቆመም፣ ሰተት ብሎ ወረደ።

ከትምህርት በኋላ ብቻዋን ቀርታ ቴስቱን አንድ በአንድ ታየው ጀመር። የመደርደሪያ ቁጥር ከየት ነው የሚጎድለው? ገጹ ሲከፈት መጽሐፎቹ ሁሉ መደርደሪያ አላቸው። ያኔ ብልጭ አለላት። ቴስት እኮ የቤተ መጻሕፍቱን እውነተኛ መጽሐፎች አይነካም፤ የራሱ የሆነ አንድ የሙከራ መጽሐፍ አለው፤ የክለቡ ልጆች አምና የፈጠሩት። ፋይሉን ከፈተችው። የሙከራ መጽሐፉ ርዕስ አለው፣ የገጽ ብዛት አለው። መደርደሪያ የለውም። አምና መደርደሪያ የሚባል ነገር አልነበረማ። መደርደሪያ ከሌለው ቁጥር ከየት ያምጣ፣ ቁጥር ካልመጣ ሄልፐሩ አድራሻውን በምን ይሥራ!

አንዲት መስመር ጨመረች፤ የሙከራ መጽሐፉን የሙከራ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ቴስቱን አስኬደችው። አሥራ አራቱም አረንጓዴ።

ወንበሯ ላይ ተለጥጣ አየችው። ደስ አላት፣ አልዋሽም። ከዚያ ሌላ ነገር አሰበች። መምህር አምሃ የሚሄዱትን ልጆች ስም የሚልኩት ነገ በስድስት ሰዓት ነው። ከስድስት ሰዓት በፊት አረንጓዴ ከሆነ አምስተኛዋ ራሷ ናት። ከስድስት ሰዓት በኋላ ከሆነ ግን…

መስመሯን አጠፋችው። ስክሪኑ መልሶ ቀላ።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ መምህር አምሃ ወረቀት ይዘው መጡ። «ዳርቱ፣ ጎበዝ ልጅ ነሽ፤ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ያበላሸሽውን ካላስተካከልሽ ዳኞች ፊት ምን ይዤሽ እቆማለሁ?» አሉ። «በአንቺ ቦታ ሃይሚ ትሄዳለች። ስሙን ልኬዋለሁ።» ዳርቱ «እሺ» አለች።

በስምንት ሰዓት ሃይሚ ያችን መስመር መልሳ ጻፈቻት።

«አረንጓዴ!» ብላ ሰላማዊት ጮኸች። «ሃይሚ ነች! ሃይሚ አስተካከለችው!» «ማንም አያግዘውም» የሚለውን ሕግ ያነሣ የለም። ማቲዎስ ፀጉሯን አሻሸላት። «አንቺ ልጅ፣ ነፍ ነገር ደብቀሽ ኖሯል ለካ!» አለ። «ደብቀሽ» ያለው ሊያሞግሳት ነው። መምህር አምሃ እንኳ መጥተው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት።

ዳርቱ ሰደርያውን አወለቀች። ሁለት እጁን ወደ ውስጥ እንደሚያጥፉት ሸሚዝ ጠርዙን ከጠርዙ ገጥማ በጥንቃቄ አጠፈችውና ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን የሃይሚ ኪቦርድ ላይ አስቀመጠችው። ሃይሚ ማንም ሳያያት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በሩ ላይ ጋሽ ጉተማ ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩአት። «ዳርቱ ኮ፣ ልብሱን ለምን ወሰዱብሽ? አጠፋሽ እንዴ?»

«አይ አባ። ጊዜው አልቆ ነው። በተራ ነው።»

«አሃ፣ በተራ» አሉ። ግን ቅር ብሏቸው ነበር።

ሃይሚ ቁልቁለቱ ላይ እየሮጠች ደረሰችባት። «ዳርቱ፣ ቆይ! ልነግርሽ የፈለግኩት ነገር…»

«ማክሰኞ አሥር ሰዓት ከሃያ» አለች ዳርቱ፤ እርምጃዋን አልቀነሰችም። «ለውጡ የተመዘገበበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት በአባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። ትንሽ ቆይቶ አንቺ በአጠገቤ ሮጠሽ አለፍሽ፤ ቻው እንኳ አላልሽኝም። ካንቺ በኋላ ከላብራቶሪው የወጣ ሰው የለም።»

ሃይሚ ክንዷን ይዛ አስቆመቻት። «ታውቂ ነበር? ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ረቡዕ ጠዋት ዞሬ አየሁሽ እኮ። ጀለሴ አይደለሽ፣ ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ።»

አንድ ሚኒባስ ዳገቱን እያቃሰተ አለፈ። ዳርቱ እስኪያልፍ ጠበቀች።

«የሙከራ መጽሐፉ መደርደሪያ እንደሌለው ረቡዕ ማታ ገባኝ። ሐሙስ ጠዋት ገብቼ አስተካክዬ ላወልቀው ነበር። ስነሣ አባቴ ሰደርያውን አጥቦ፣ ሰፍቶ፣ ገመድ ላይ አስጥቶታል። ለሰፈሩ ሰው በሙሉ ነግሯል። ብርቱካን ሊገዛ እየወጣ ነው። ካወለቅኩት ምን ልበለው? ሲስቁብህ ነው ልበለው?»

ሃይሚ «ይቅርታ» አለች፤ ቃሉ ከአፏ ቀሎ ነው የወጣው።

«ተይው። ለነማቲዎስ ብትነግሪ ባትነግሪ የራስሽ ጉዳይ ነው። ብቻ አባቴ እንዳይሰማ። ስለዚያ ጨርቅ አንዲት ቃል እንዳይሰማ።» ዳርቱ ቦርሳዋን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛወረች። «ደሞ ከዛሬ ወዲያ አብረን አንወርድም።»

ብቻዋን ወረደች። ሃይሚ ባለችበት ቀረች።

ቅዳሜ ጠዋት ከእንጦጦ የወረደው ጉም የባሕር ዛፎቹን ግማሽ ሸፍኗቸው ነበር። ግቢው ውስጥ ሚኒባሱ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ማቲዎስ፣ ሁሴንና ሰላማዊት ገብተዋል፤ መምህር አምሃ ከፊት ተቀምጠዋል። ሃይሚ በሩ ጋ ደርሳ ቆመች። በነጭ ሸሚዟ ላይ ቀዩን ሰደርያ ለብሳለች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለ ማቲዎስ እየሳቀ። «አውልቂው እንጂ፣ ሰው ያየናል።»

«ማክሰኞ ዳርቱ ማሽን ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ራውቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ማስተካከያውንም ሐሙስ አግኝቼው ነበር፤ ስሙ እስኪላክ ደበቅኩት።»

ሳቁ ተቋረጠ። ሰላማዊት ወደ መስኮቱ ዞረች። ማቲዎስ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማን ጠየቀሽ? ላሽ በይውና ግቢ። አሁን ብትናገሪ ማንን ትጠቅሚያለሽ?»

እውነቱን ነበር። መምህር አምሃ ሁሉንም ሰምተዋል፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ምዝገባው ትናንት ተዘግቷል ሃይሚ። ዳርቱን ልተካት አልችልም። አንቺ ከቀረሽ በሦስት ነው የምንሄደው።» ሰደርያውን አዩት፣ ቶሎ ዓይናቸውን መለሱ። «ምን ይሻላል?»

ላፕቶፑ። ክረምቱ። እናቷ ትናንት ማታ ለአክስቶቿ ሁሉ ስልክ ስትደውል ነው ያመሸችው።

«በሦስት ሂዱ» አለች።

ማቲዎስ የሚኒባሱን በር በኃይል ሳበው። መኪናው ጭስ ትፍ ብሎባት ወጣ። ሃይሚ ግቢው መሃል ብቻዋን ቀረች። ሰደርያውን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ልትከተው ትችል ነበር፤ የሚያያት የለም። እንደለበሰችው ወደ በሩ ሄደች።

ጋሽ ጉተማ ሚኒባሱን አሳልፈው በሩን እየዘጉ ነበር። አዩአት። ከዚያ ሰደርያውን አዩ፤ በነጭ ክር የሰፉትን ጎኑን አዩ። ፊታቸው ቀስ እያለ በራ፤ እጃቸው ወደ ኮፍያቸው ሄደ።

«ተራው ላንቺ ደረሰ! እሰይ የኔ ልጅ! እንኳን ደስ ያለሽ!» ኮፍያቸውን አወለቁ።

እውነቱ ሃይሚ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር፤ ቢወጣ ለእሷ ይቀልላት ነበር፣ እሳቸውን ግን ይገድላቸዋል። ዋጠችው። ይሄኛው ጉሮሮዋ ላይ ቆመ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ጉተማ» አለች አንገቷን ደፍታ።

«ስንት ቀን ነው የምትለብሺው?»

«ዳርቱ የለበሰችውን ያህል» አለች። «ሦስት ቀን።»

«ጎበዝ» አሉና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱላት።